ያውቁ ኖሯል? የኮምፒውተሩ «ዲመን» ጋኔን አይደለም

• ዩኒክስን በመሰሉ ሥርዓቶች ከመጋረጃ ጀርባ ሆነው የሚያገለግሉ ፕሮግራሞች «ዲመን» ይባላሉ። ስሙን በ1963 እ.ኤ.አ. ያወጡት በኤምአይቲ የ«ፕሮጀክት ማክ» ባለሙያዎች ናቸው። መነሻቸው የፊዚክስ ሊቁ ጄምስ ክላርክ ማክስዌል በሐሳቡ የፈጠረው፣ ፈጣንና ዘገምተኛ ሞለኪውሎችን ሳይታክት የሚለይ ፍጡር ነበር።

• ማሽኑ ሲበራ የሥርዓቱ እምብርት የሆነው ከርነል መጀመሪያ የሚያስነሳው የተጠቃሚ ፕሮግራም «ኢኒት» ነው፤ መለያ ቁጥሩም 1 ነው። የሌሎቹ መቀስቀስ ከእሱ ይጀምራል።

• ዩኒክስን ከመሰሉት ሥርዓቶች አንዱ በሆነው በፍሪቢኤስዲ የትኛው ዲመን እንደሚነሳ የሚወሰነው «አርሲ ዶት ኮንፍ» በተባለ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። ከአገልግሎቱ ስም ጎን «የስ» ከተጻፈ ይነሳል፤ «ኖ» ከሆነ እንደተኛ ይቀራል።

• በፋይሉ ውስጥ የመስመሮቹ ቅደም ተከተል ለውጥ አያመጣም። እያንዳንዱ ማስነሻ ስክሪፕት ማን እንዲቀድመው እንደሚፈልግ ይናገራል፤ «አርሲኦርደር» የተባለው መሣሪያ ደግሞ ተራ ያስይዛል።

• «አርሲ» የሚለው ምኅጻር ከዩኒክስ በፊት ከነበረው ሲቲኤስኤስ ከተባለ ሥርዓት «ራንኮም» የተወረሰ ነው።

ልብ ይበሉ፦ በ«አርሲ ዶት ኮንፍ» ውስጥ አንዲት የተዘነጋች የጥቅስ ምልክት ማሽኑን በቅጡ እንዳይነሳ ልታደርገው ትችላለች። ፋይሉን ከመነካካትዎ በፊት ቅጂ ያስቀምጡ።