የአሎይ ቸርኬ ለምን ይጠቁራል? እንዴትስ ይታደሳል?

ከደሴ ተነሥቶ በቦሩ ሜዳ አድርጎ ወደ ሐይቅ ከተማ የሚያወርደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህች አጭር ርቀት ውስጥ መኪና ከፍታውን በ500 ሜትር ገደማ ይቀንሳል። ክብደቱ 1200 ኪሎ ግራም የሆነ አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ቁልቁለቱን ሲጨርስ የሚያጣው እምቅ ጉልበት ወደ 5.9 ሚሊዮን ጁል ይደርሳል። ይህ ጉልበት 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ያለ 19 ሊትር ውኃ ለማፍላት ይበቃል (በሐይቅ ከፍታ ውኃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ መሆኑ ታስቦ ነው)። ከፊሉን ሞተሩና የአየር ግጭት ቢወስዱትም የቀረው በፍሬን በኩል ወደ ሙቀት ይለወጣል።

የፍሬን ሸራው የብረት ዲስኩን ሲጨብጥ ሁለቱም ይፋቃሉ። የሚወጣው ብናኝ በአብዛኛው ብረትና ካርቦን ሲሆን፣ ትኩስ እንደሆነ በቸርኬው ላይ ያርፋል፤ የላይኛውን የቫርኒሽ ሽፋን በስቶም ይጣበቃል። ፍሬን ሲያዝ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ስለሚያዘነብል አብዛኛውን ሥራ የሚሠሩት የፊት ፍሬኖች ናቸው። አንባቢ በራሱ መኪና ላይ ቢመለከት የፊት ቸርኬዎች ከኋለኞቹ ይልቅ ጠቁረው ያገኛቸዋል። ብናኙ ውኃ ሲያገኝ ይዝጋል። ብረትና አሉሚኒየም በእርጥበት ሲገናኙም እንደ ትንሽ ባትሪ ይሆናሉ፤ በዚህ ባትሪ ውስጥ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው።

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን የራሳችን ጥፋት ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ያገለገለችውን ኮሮላችንን ይዘን ወደ አምባሰል ስንጓዝ፣ በመንገድ ላይ ባገኘነው አንድ ላቫጆ ቆመን ቸርኬዎቹ እንዲታጠቡ ጠየቅን። አጣቢው ወጣት በባልዲ የበጠበጠውን ኮስቲክ ሶዳ በብሩሽ ቀባቸው። ወዲያው አረፋ ተነሣ። ወጣቱ «ቆሻሻው እየለቀቀ ነው» አለን። ይፈላ የነበረው ግን ቆሻሻው ሳይሆን ቸርኬው ራሱ ነበር። ውኃ ሲፈስበት ጥቁር ግራጫ ሆኖ ወጣ። ወጣቱን አንወቅሰውም፤ አረፋው ሃይድሮጅን መሆኑን እያወቅን ቆመን ያየነው እኛ ነን።

አሉሚኒየም አየር ሲነካው ወዲያውኑ ውፍረቱ ጥቂት ናኖሜትር የሆነ የኦክሳይድ ልባስ ያበጃል። ከዝገት የሚጠብቀውም ይኸው ልባስ ነው። ልባሱ ጸንቶ የሚቆየው ፒ ኤች ከ4 እስከ 9 ባለው ክልል አካባቢ ብቻ ነው፤ ከዚህ በታች አሲድ፣ ከዚህ በላይ አልካላይ ያሟሟዋል። እናቶቻችን የአሉሚኒየም ድስት በአመድ ሲፈትጉ የሚያበራው ለዚህ ነው፤ አመድ አልካላይ ስለሆነ አሮጌውን ልባስ ከጥቀርሻው ጋር ያነሣል። የቸርኬ ብረት ግን እንደ ድስቱ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ 7 ከመቶ ያህል ሲሊከን አለበት። ሶዳው አሉሚኒየሙን አሟሙቶ ሲወስድ ሲሊከኑ በላዩ ይቀራል። ያ ጥቁር ነገር እሱ ነው፤ በሳሙና አይለቅም፣ በስሱ ተፍቆ ይነሣል እንጂ።

ከሶዳ የባሰ ነገር ደግሞ አለ። ስም በሌለው ጠርሙስ ከሚሸጡ የቸርኬ ማጽጃዎች አንዳንዶቹ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ይይዛሉ። ይህ አሲድ ቆዳ ሲነካ ሕመሙ ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል፤ ወደ ውስጥ ዘልቆም የሰውነትን ካልሲየም ያስራል፣ ለሞትም ያበቃል። ምንነቱ ያልተጻፈበትን ማጽጃ በባዶ እጅ መንካት ይቅርና መግዛትም አይገባም።

የሚበቃው ለብ ያለ ውኃ፣ ፈሳሽ ሳሙናና ለስላሳ ብሩሽ ነው። የድስት መፈግፈጊያ የብረት ሽቦ ቁርጥራጩን በአሉሚኒየሙ ውስጥ ስለሚተው አይመከርም። ከቁልቁለቱ እንደ ወረዱም መታጠብ ደግ አይደለም፤ የጋለ ዲስክ ቀዝቃዛ ውኃ ሲያገኝ ሊጣመም ይችላል። ቡና ጠጥቶ መመለስ በቂ ነው። በሐይቁ ዳር ማጠብን በተመለከተ ደግሞ፣ ሐይቁ በምድር ላይ የሚፈስ መውጫ የለውም፤ ውኃው በትነት ሲሄድ የገባበት ብረትና ዘይት ይቀራል። ከዚያው ሐይቅ የወጣውን ዓሣ እንበላለን። ለቸርኬውም ቢሆን አይበጅም፤ የሐይቁ ውኃ አልካላይ ስለሆነ ሲደርቅ ነጭ የጨው ጠባሳ ይተዋል።

እድሳቱ የሚጀመረው ቀለም በመቀባት ሳይሆን ስንጥቅ በመፈለግ ነው። ለዚህ ነጭ ጋዝና ጠመኔ ይበቃል። የታጠበውን ቸርኬ ነጭ ጋዝ ቀብቶ ሩብ ሰዓት መቆየት፣ በጨርቅ አድርቆ የተፈጨ ጠመኔ መነስነስ ነው። በስንጥቁ የሰረገው ጋዝ ወደ ጠመኔው ተስቦ ይወጣና ቀጭን መስመር ይሥላል። መስመር የታየበት ቸርኬ ቀለም አይገባውም፤ ይጣላል።

እዚህ ላይ ብዙ ጋራዦች የሚሳሳቱበትን ነገር ማንሣት ግድ ይለናል። የተጣመመ አሎይ ቸርኬ በእሳት ተግሎ በመዶሻ ሲቃና አይተናል። ቸርኬው በፋብሪካ ሲሠራ እስከ 540 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል፣ በውኃ ይቀዘቅዛል፣ እንደገና በ150 እና በ160 ዲግሪ መካከል ለሰዓታት ይቆያል። በዚህ ሂደት ማግኒዥየምና ሲሊከን በዓይን የማይታዩ ቅንጣቶች ሆነው በብረቱ ውስጥ ይበተናሉ፤ ጥንካሬውም የሚመነጨው ከእነሱ ነው። የጋራዥ እሳት ቅንጣቶቹን አግጥሞ ያሳድጋቸዋል፤ ብረቱም ይለሰልሳል። ከሁሉ የሚከፋው፣ ይህ ቅይጥ እንደ ተራ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅም፤ ከ600 ዲግሪ በታች ሳይቀላ መቅለጥ ይጀምራል። የአምባሰልን ጠመዝማዛ በእንዲህ ዓይነት ቸርኬ መውረድ ሕይወትን በእጅ መያዝ ነው።

ስንጥቅ የሌለበትን ቸርኬ ጋዙን በሳሙና አጥቦ፣ የተላጠውን ቦታ በ240፣ ቀጥሎ በ400፣ በመጨረሻም በ600 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ውኃ እያስነኩ መፈተግ ነው። ከቫርኒሹ ሥር የሚታዩት ነጭ፣ ትል መሰል መስመሮች ዝገት ናቸውና እስከ ጫፋቸው ተከትሎ ማጥፋት ይገባል። በክረምት ጨው በሚነሰነስባቸው የውጭ አገር መንገዶች አገልግለው የመጡ መኪኖች ይህ ይበዛባቸዋል። ከተፈተገ በኋላ በዚያው ቀን፣ ጣት ሳያርፍበት፣ ለአሉሚኒየም የተዘጋጀውን የመጀመሪያ ቀለም፣ ከዚያም ዋናውን ቀለምና ቫርኒሹን በስሱ እየደራረቡ መቀባት ነው።

የአካባቢያችን አየር እዚህ ላይ የራሱን ሥራ ይሠራል። በ2000 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚያንስ ቲነሩ በፍጥነት ይተናል፤ ሲተንም ከቀለሙ ሙቀት ይወስዳል። በክረምት ጠዋት የቀዘቀዘው ቀለም ከእርጥቡ አየር ጤዛ ይስብና ቫርኒሹ እንደ ወተት ይነጣል። ስለዚህ ፀሐይ ወጥታ አየሩ እስኪደርቅ መታገሥ ያዋጣል።

ይህን ሁሉ ድካም ለአሮጌ ቸርኬ ማዋል የሚያስገርመው አንባቢ ቢኖር፣ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ቀረጥ ምን ያህል እንዳናረው፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መወሰኑን ያስታውስ። ያለችን ኮሮላ ይህችው ናት።

አንድ ነገር ቀርቶናል። ቡሎኖቹ የሚቀመጡበት ጎድጓዳና ቸርኬው ከመኪናው ጋር የሚገጥምበት ፊት ቀለም ሊነካቸው አይገባም። በመካከል የገባ ቀለም በሙቀትና በጭነት ይሳሳል፤ የጠበቀው ቡሎንም ይላላል። የእኛን ቸርኬዎች ስናድስ ሁለቱን ቦታዎች በፕላስተር ሸፍነን ነበር። ቢሆንም ውጫሌ ስንደርስ ቆመን ቡሎኖቹን በቁልፍ ፈተሽን፤ አንዱ ሩብ ዙር ያህል ዞረልን።