ስምንተኛው ሳምንት ከአንደኛው ለምን ቀደመ?

ቤታችሁ ሰማንያ አሐዱ መጽሐፍ ቅዱስ ካለ እስቲ አውጡትና መጽሐፈ ሄኖክን ግለጡ። ወደ ማለቂያው ገደማ ሄኖክ የዓለምን ዘመን በዐሥር ሳምንታት ከፍሎ ለልጆቹ የሚናገርበት ቦታ አለ። የምዕራፍ አከፋፈሉ ከኅትመት ኅትመት ሊለያይ ስለሚችል በቁጥሩ አትጨነቁ፤ ተመራማሪዎች በሚጠቀሙበት ባለ 108 ምዕራፍ አከፋፈል 91ኛውና 93ኛው ምዕራፍ ላይ ነው። ሳምንት የተባለው ሰባት ቀን ሳይሆን ረጅም ዘመን ነው። ሄኖክ የተወለደው በአንደኛው ነው። በሁለተኛው የጥፋት ውኃ ይመጣል፤ በሦስተኛው አብርሃም ይመረጣል፤ በአራተኛው ሕግ ይሰጣል፤ በአምስተኛው ቤተ መቅደስ ይታነጻል፤ በስድስተኛው ኤልያስ ያርጋል፣ ቤተ መቅደሱም ይቃጠላል። መጽሐፉ እነዚህን ሰዎች በስም አይጠራም፤ ግን ኦሪትንና ነገሥትን ላነበበ ሰው ማን ማን እንደሆኑ ማወቅ አይከብድም።

አሁን ስምንተኛውን ሳምንት ፈልጉት። ኅትመታችሁ የብራናውን ቅደም ተከተል ከጠበቀ፣ ከሰባተኛው ቀጥሎ አታገኙትም። ዘጠነኛውና ዐሥረኛውም እዚያ የሉም። ሦስቱም ወደ ኋላ ሄደው 91ኛው ምዕራፍ ውስጥ፣ ከአንደኛው ሳምንት በፊት ተቀምጠዋል!

ይህን ቦታ የመረጥኩት በአጋጣሚ አይደለም። የቅዱሳት መጻሕፍት ጥናት ወደ እኛ ወደ ተራ አንባቢዎች ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ መደምደሚያው ብቻ ነው የሚደርሰን። «ምሁራን እንደሚሉት ይህ መጽሐፍ በዚህ ዘመን ተጻፈ» ይባልና ያበቃል። እንዴት እንደታወቀ ካልተነገረን ደግሞ ያለን ምርጫ ወይ አሜን ማለት ወይ መቆጣት ነው፤ ሁለቱም ማንበብ አይደሉም። የጥናቱን መንገድ ግን ማንም ሰው ሊከተለው ይችላል ባይ ነኝ። የዐሥሩ ሳምንታት ነገር ደግሞ ለዚህ የሚመች ነው፤ ችግሩን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ፣ መላ ምቱንም ራሳችሁ ልትደርሱበት ትችላላችሁ፣ ከዚያ ምድር ራሷ ከጉያዋ መልስ አውጥታ ስትሰጥ ታያላችሁ።

ከመላ ምቱ እንጀምር። 91ኛው ምዕራፍ ሲከፈት ሄኖክ ለማቱሳላና ለወንድሞቹ በጽድቅ እንዲሄዱ ይመክራል። ከዚያ ድንገት «ሌላ» ሳምንት፣ ስምንተኛው፣ እንደሚመጣ ይነገራል። ከምን ቀጥሎ ነው «ሌላ» የሚሆነው? እስከዚያ ድረስ አንድም ሳምንት አልተቆጠረም። ወደ 93ኛው ስንሻገር ደግሞ ቆጠራው ከአንድ ተነሥቶ እስከ ሰባት በደንብ ይሄድና ይቆማል፤ ጽሑፉም የቅዱሱን ድምፅ ሰምቶ የማይደነግጥ፣ ሰማይን መለካት የሚችል ሰው ማን ነው ወደሚሉ ጥያቄዎች ይዞራል። አንዱ ቦታ ጅራት የሌለው ራስ፣ ሌላው ቦታ ራስ የሌለው ጅራት። ሁለቱን ማጋጠም ብዙ ሊቅነት አይጠይቅም።

የሚጠይቀው ድፍረት ነው። ምክንያቱም እስካሁን የታወቁት የግእዝ ብራናዎች በሙሉ ሦስቱን ሳምንታት የሚያስቀምጡት ያው 91ኛው ላይ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ጎንደር ደርሶ እ.ኤ.አ. በ1773 ወደ አውሮፓ ሲመለስ የመጽሐፈ ሄኖክን ሦስት ቅጂ ይዞ ሄደ። (በብዙ የአውሮፓ ጽሑፎች ይህ «የጠፋው መጽሐፍ ተገኘ» ተብሎ ይተረካል። የጎንደር ካህናት መጽሐፉ ጠፍቶባቸው እንደነበር የነገራቸው ሰው ያለ አይመስለኝም።) ሪቻርድ ሎሬንስ በ1821 ወደ እንግሊዝኛ ተረጎመው። ጀርመናዊው አውጉስት ዲልማን በ1851 የግእዙን ንባብ ከብዙ ብራናዎች አስተያይቶ አሳተመ። ከዚያ አር. ኤች. ቻርልስ ከመቅደላ ተዘርፈው ለንደን የገቡትን ጨምሮ ከዲልማን የበለጡ ብራናዎችን መረመረ፤ በ1912 ባሳተመው ትርጉምም ሦስቱን ሳምንታት ከ91ኛው ነቅሎ ከ93ኛው ቀጥሎ ተከላቸው። በእጁ አንድም ደጋፊ ብራና አልነበረውም። ያለው ማስረጃ የጽሑፉ የራሱ ሐሳብ ፍሰት ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ መቆጣት ተገቢ ነው። ቅዱስ መጽሐፍን እንደፈለጉ ማገላበጥ ምን ይሉታል? ብራናው የሚለውን ትቶ «መሆን የነበረበት» ብሎ ማስተካከል ብዙ ምሁራንን ገደል የከተተ ልማድ ነው፤ ለተመራማሪ ያልገባው ሁሉ ስሕተት ይመስለዋል። ስለዚህ በጥናቱ ዓለም ራሱ እንዲህ ያለ እርማት በጥርጣሬ ነው የሚታየው። የሚፈተንበት መንገድ ከሌለው ግምት ሆኖ ይቀራል።

መፈተኛው መጣ። በ1952 ከሙት ባሕር ዳር፣ ቁምራን ከተባለው ፍርስራሽ አጠገብ፣ የአካባቢው ዘላኖች አራተኛ ተብሎ የተቆጠረውን ዋሻ አገኙ። ውስጡ ያሉት ጥቅልሎች ተበጣጥሰው በሺህ የሚቆጠር ቁርጥራጭ ሆነዋል፤ አንዳንዱ ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጥም። ፖላንዳዊው ዩዜፍ ሚሊክ ኢየሩሳሌም ተቀምጦ ሲለቃቅም ከቁርጥራጮቹ መካከል የአሥራ አንድ የሄኖክ ቅጂዎችን ርዝራዥ ለየ። ቋንቋው አራማይክ ነው። ስለዚህ ግእዙ የተተረጎመበት ግሪክኛ ራሱ ከሌላ ቋንቋ የተገለበጠ እንደነበር ታወቀ። ሚሊክ ሥራውን በ1976 አሳተመው።

ከእነዚያ ቅጂዎች አንዱ ዐሥሩን ሳምንታት የያዘ ነው። በፊደሉ አጣጣል ሲገመት ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው መቶ ዓመት አጋማሽ ገደማ የተጻፈ ነው። ብዙው ተበልቷል፣ የመካከለኞቹ ሳምንታት የሉም። ግን ወሳኙ መጋጠሚያ ተርፏል፤ የሰባተኛው ሳምንት መጨረሻና የስምንተኛው መጀመሪያ አንድ ዓምድ ላይ፣ ተከታትለው! የቻርልስ እርማት ትክክል ነበር። እኔ ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል፤ ሰውየው በ1931 ስላረፈ ግን ቁርጥራጩን ሳያይ ነው የሄደው።

ዋሻው ሁሉን አልፈታም፤ እንዲያውም አዲስ ጣጣ ጨመረ። መጽሐፈ ሄኖክ አምስት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት፤ ከ37ኛው እስከ 71ኛው ምዕራፍ ያለው፣ «የሰው ልጅ» ስለተባለው ብዙ የሚናገረው የምሳሌዎች ክፍል፣ ከቁምራን አንድ ቅዳጅ እንኳን አልተገኘለትም። ሚሊክ ከዚህ ተነሥቶ ክፍሉ ዘግይቶ በክርስቲያኖች የተጻፈ ነው አለ። አብዛኞቹ ተመራማሪዎች አልተቀበሉትም። አንድ ጽሑፍ በአንድ ስፍራ አለመገኘቱ አለመኖሩን አያሳይም፤ ክፍሉ የጳርቴና የሜዶንን ሰዎች መነሣት መጥቀሱም ወደ ሄሮድስ ዘመን አካባቢ ይጠቁማል ብለው ይከራከራሉ። በነገራችን ላይ ይህ ክፍል ሙሉውን ያለው በግእዝ ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የሚያስቸግረውን ጥያቄ እናንሣ፦ «በዚህ ዘመን ተጻፈ» የሚሉት ከምን ተነሥተው ነው?

እንዲህ አስቡት። ቀን ያልተጻፈበት አሮጌ ማስታወሻ አግኝታችኋል እንበል። የአድዋን ድል ይጠቅሳል፣ የልጅ ኢያሱን መሻር ይጠቅሳል፣ የንግሥት ዘውዲቱን ዕረፍትና የአፄ ኃይለ ሥላሴን ዘውድ መጫን ሳይቀር ያወሳል። ከዚያ በኋላ ስለ አገሪቱ ዕጣ የሚናገረው በደፈናው ነው፤ ስለ ጣልያን ወረራ አንድም ቃል የለም። ማን ጻፈው አይታወቅም፤ መቼ ተጻፈ ቢባል ግን በእኛ አቆጣጠር ከ1923 በኋላና ከ1928 በፊት ብላችሁ ትወራረዳላችሁ።

በዐሥሩ ሳምንታት ላይ የሚደረገውም ይኸው ነው። እስከ ስድስተኛው ድረስ ታሪኩ ጥርት ብሎ ይታያል። በሰባተኛው አመፀኛ ትውልድ ይነሣል፣ በመጨረሻውም የተመረጡ ጻድቃን ሰባት እጥፍ ትምህርት ይቀበላሉ። ከስምንተኛው ጀምሮ ግን የምትይዙት ክንውን የለም፤ ሰይፍ፣ ፍርድ፣ አዲስ ሰማይ። በዚያ ላይ የሶርያው ንጉሥ አንጥያኮስ ቤተ መቅደሱን ያረከሰበትና አይሁድን ያሳደደበት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ167 የደረሰው መከራ የለም። ያን የመሰለ እሳት ያየ ሰው በዝምታ አያልፈውም። ስለዚህ ብዙዎቹ ተመራማሪዎች ጽሑፉን ከመከራው ጥቂት ቀደም ያደርጉታል። ለማነጻጸር ከዚያው መጽሐፍ ከ85 እስከ 90 ያለውን የእንስሳት ራእይ አንብቡ፤ እዚያ ትልቅ ቀንድ የበቀለበት በግ ከጠላቶቹ ጋር ይዋጋል፤ በአንጥያኮስ ላይ ጦር ያነሣው ይሁዳ መቃቢስ ነው ይላሉ። ይህኛው መከራውንም ጦርነቱንም ያውቃል ማለት ነው፤ ስለዚህ ጥቂት ዓመታት ወደዚህ ይመጣል።

ከአዳም ሰባተኛ የሆነው ሄኖክ ራሱ ተናግሮታል ብሎ የሚያምን ሰው «ነቢይ የሚመጣውን ያያል፣ ምን ይደንቃል?» ሊል ይችላል። የታሪክ ጥናት ይህን የሚያፈርስበት መሣሪያ የለውም፤ አለኝ የሚል ተመራማሪ ካጋጠማችሁ ከሙያው ወጥቷል። መጠየቅ የሚችለው ራእዩ እስከዚህ ጥርት ካለ በኋላ ከዚህ ወዲያ ለምን ደበዘዘ ብሎ ነው። የአንድምታ መምህራን አንዱን ኃይለ ቃል «አንድም» እያሉ በብዙ መንገድ ሲፈቱ፣ መጻሕፍት በንባብ ሲለያዩም ልዩነቱን ሲጠቅሱ ለኖረች አገር፣ ሁለት ንባብ አስቀምጦ ማመዛዘን ባዕድ ነገር አይደለም። ጥናትን ከእምነት ጋር የሚያጣላው አብዛኛውን ጊዜ ጥናቱ ሳይሆን የሚነገርበት ትዕቢት ይመስለኛል።

መሣሪያው ደግሞ እንደ ድሮው በጥቂቶች እጅ ብቻ የተያዘ አይደለም። የእስራኤል የቅርስ ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የሙት ባሕር ጥቅልሎችን ፎቶ በኢንተርኔት በነጻ ያሳያል፤ የሄኖክንም ቁርጥራጭ አጉልታችሁ ማየት ትችላላችሁ። ከ1973 ጀምሮ በአገራችን አድባራትና ገዳማት ብራናዎች በማይክሮፊልም ሲነሡ ቅጂያቸው ሚኒሶታ በሚገኘው በሂል የብራና ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን ያፈሰሱበት ካታሎግ የዚህ ፍሬ ነው። ወለጋ የተወለዱት ፕሮፌሰር ኤፍሬም ይስሐቅ ደግሞ በ1983 ሄኖክን ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሱ የተመረኮዙት ጣና ላይ ካለው የክብራን ገዳም በተገኘ የ15ኛው መቶ ዓመት ብራና ላይ ነው። ግእዝ የሚያነብ ሰው በዚህ ጥናት ከማንም ኋላ አይደለም፤ አውሮፓዊው ተማሪ ዓመታት ፈጅቶ የሚደርስበት በር ላይ ነው የሚጀምረው።

የሚጠብቀው ሥራም አለ። ሦስቱ ሳምንታት ቦታቸውን የለቀቁት መቼ ነው? ምናልባት የጥራዝ ክር ተበጥሶ ቅጠሉ ሲሰፋ ተዛንፎ፣ ምናልባት አንድ ጸሐፊ ዘልሎት ኋላ ያላግባብ አስገብቶት ይሆናል። ግን ይህ የሆነው ገና በግሪክኛ እያለ ነው ወይስ ወደ ግእዝ ከተመለሰ በኋላ? የግእዝ ብራናዎች ሁሉ በአንድ መስማማታቸው ነገሩ ከሁላቸውም አባት ላይ እንደደረሰ ያሳያል፤ ያ አባት ግን ግሪክኛም ግእዝም ሊሆን ይችላል። የዚህን ክፍል ግሪክኛ የያዘው ፓፒረስ የሚጀምረው ከ97ኛው ምዕራፍ ነው፤ ዘግይቶ ደረሰ። በ1937 ግብፅ ውስጥ አንጢኖይ ከተባለች ጥንታዊ ከተማ የወጣ የቅብጥ ቁርጥራጭ ደግሞ 93ኛውን ምዕራፍ ይዟል፤ ከቁጥር 3 ተነሥቶ ሳምንታቱን ይቆጥር ይቆጥርና ቁጥር 8 ላይ፣ ሰባተኛው ሳምንት ሊጀምር ሲል፣ ተቀድዷል።