የተጠቀምንበት ውሃ ወዴት ይሄዳል?

ስለ ጤናማ አመጋገብ ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስበው ማዕድ ላይ ስለሚቀርበው ምግብ ነው። ምግቡ ያደገበት ውሃ ንጹሕ ካልሆነ ግን ጥሩ ምግብም የበሽታ ምክንያት ይሆናል። ስለዚህ ዛሬ ከቤታችንና ከመስጂዳችን ስለሚወጣው ፍሳሽ እንነጋገራለን።

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በጉና ተራራ አካባቢ የምትገኝ ከተማ ናት። ከጉና የሚነሱት ርብና ጉማራ ቁልቁል ወርደው በፎገራ ሜዳ በኩል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለው ጣና ሐይቅ ይገባሉ። ፎገራ ደግሞ ሩዝ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚመረትበት ሜዳ ነው። ደጋ ላይ ሳይጣራ የተለቀቀ ፍሳሽ ታች ያለውን ማሳ ሊያጠጣ ይችላል፤ ሽንኩርቱና ቲማቲሙም ተመልሶ ገበያችን ይመጣል።

ፍሳሽ ምን ይዟል?

ዓይነ ምድር የተቀላቀለበት ፍሳሽ የታይፎይድ፣ የኮሌራ፣ የአሜባና የጃርዲያ ተህዋስያንን ሊይዝ ይችላል። ከሁሉም አስቸጋሪው የወስፋት እንቁላል ነው፤ አፈር ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ወስፋት የበዛበት ልጅ ቢመገብም ምግቡ በአግባቡ አይስማማውም፤ እድገቱም ይጓተታል። በፍሳሹ ውስጥ ያለው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ደግሞ ከእርሻ ማዳበሪያና ከሚታጠበው አፈር ጋር ተደምሮ፣ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በጣና ላይ የታየውን እምቦጭ ይመግባል።

አነስተኛ ማጣሪያ እንዴት ይሠራል?

ለገጠር ቀበሌ ወይም ለአነስተኛ ከተማ የሚሆን ማጣሪያ የግድ ውድ ማሽን አይፈልግም። ፍሳሹ መጀመሪያ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ዝቃጩ ይዘቅጣል። ቀጥሎ ከ1 እስከ 1.5 ሜትር ጥልቀት ባላቸው ተከታታይ ኩሬዎች ለሳምንታት ይቆያል። በኩሬው ውስጥ የሚያድገው አረንጓዴ አልጌ ኦክስጅን ይሰጣል፤ ባክቴሪያዎች ቆሻሻውን ያብላላሉ፤ ፀሐይ ተህዋስያንን ይገድላል፤ የትል እንቁላልም ወደ ታች ይሰምጣል። የአዲስ አበባው ቃሊቲ ማጣሪያም ለብዙ ዓመታት የሠራው በኩሬ ዘዴ ነበር።

እንደ ደብረ ታቦር ባለ ብርዳማ ደጋ ግን ይህ ሥራ ይዘገያል። ስለዚህ ኩሬው ሰፋ ማለት፣ ውሃውም ረዘም ላለ ጊዜ መቆየት አለበት። ዝቃጩ በጊዜው ካልተወገደና አጥር ከሌለው ማጣሪያው ራሱ የበሽታ ምንጭ ይሆናል።

ዲናችን ምን ይላል?

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በቆመ ውሃ ውስጥ መሽናትን፣ እንዲሁም በውሃ መውረጃ፣ በመንገድና ሰዎች በሚጠለሉበት ጥላ ሥር መጸዳዳትን ከልክለዋል። የሳዑዲ ዐረቢያ ታላላቅ ዑለማዎች ምክር ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1978 በሰጠው ፈትዋ፣ ፍሳሽ በሚገባ ተጣርቶ የነጃሳው ጣዕም፣ ቀለምና ሽታ ከጠፋ ንጹሕ እንደሚሆን ገልጿል፤ ለጤና ጎጂ ከሆነ ግን ለመጠጥ መዋል የለበትም።

ምን እናድርግ?

1. በመስጂድ የውዱእ ውሃ ከመጸዳጃው ጉድጓድ ጋር አይቀላቀል። በጁሙዓ ቀን የሚፈሰው ብዙ ውሃ ጉድጓዱን ቶሎ ይሞላዋል፤ ነጃሳውንም ወደ ከርሰ ምድር ይገፋዋል። ለብቻው ተቀድቶ ዛፍ ቢያጠጣ ግን ይጠቅማል።

2. መጸዳጃ ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ከጉድጓዱም በታች በኩል ይሁን።

3. የሞላ መጸዳጃ ዝቃጭን ቶሎ ማሳ ላይ አናፍስስ። የዓለም ጤና ድርጅት ብርዳማ አካባቢ ከ1.5 እስከ 2 ዓመት ተከድኖ እንዲቆይ ይመክራል።

4. ሰላጣ፣ ካሮትና ቲማቲምን በንጹሕ ወራጅ ውሃ ደጋግመን እንጠብ፤ የሚላጠውን እንላጥ፤ የሚበስለውን እናብስል። ሎሚና ኮምጣጤ የወስፋትን እንቁላል አይገድሉም።

ውድ አንባቢያን! ከግቢያችን የሚወጣው ውሃ ታች ላለው ጎረቤታችን የሚደርስ ነው። ጎረቤትን አለመጉዳት ደግሞ በሁላችንም ላይ ያለ ሐቅ ነው። አላህ (ሱ.ወ) ጤናችንን ይጠብቅልን።