የላቦራቶሪ ብክለት በምን ይለካል?

በመድኃኒት ፋብሪካዎች የጥራት ቁጥጥር ክፍል ኬሚስቶች ኤችፒኤልሲ የሚሉት መሣሪያ አይጠፋም። ፓምፑ አሟሚ ፈሳሽ እየገፋ ኮለም በሚባል የብረት ቱቦ ውስጥ ያሳልፋል፤ በናሙናው ያሉት ውህዶችም እንደየጠባያቸው ቀድመው ወይም ዘግይተው ይወጣሉ። የተለመደው ፍሰት በደቂቃ 1 ሚሊ ሊትር ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ሌት ተቀን ከሠራ ግን 1.44 ሊትር ይሞላል። ብዙውን ጊዜ አሴቶናይትራይል ወይም ሜታኖል ስላለበት እንደ ተራ እጣቢ አይደፋም፤ ተጠራቅሞ እንደ አደገኛ ቆሻሻ መወገድ አለበት።

እንዲህ ያለው ቆሻሻ የሚያደርሰውን ጉዳት በቁጥር ማስቀመጥ ቀላል አልሆነም። ኬሚስቱ ሮጀር ሼልደን በ1992 ያስተዋወቀው ስሌት ለአንድ ኪሎ ምርት ስንት ኪሎ ቆሻሻ እንደወጣ ይጠይቃል። የምርመራ ላቦራቶሪ ምርት ግን መረጃ ነው፤ ኪሎ የለውም።

ስለዚህ ሌሎች መለኪያዎች መጡ። ከቀደሙት አንዱ፣ የአሜሪካው ኔሚ፣ አራት ቦታ የተከፈለ ክብ ነው። ቆሻሻው ከ50 ግራም ካነሰ አንዱ ክፍል አረንጓዴ ይቀባል። ጉድለቱም እዚሁ ላይ ነው፤ 1 ግራም የሚጥለውና 49 ግራም የሚጥለው እኩል ይመሰገናሉ። በ2012 የወጣው ኢኮ ስኬል ከ100 ተነስቶ ለአደገኛ ኬሚካል፣ ለኤሌክትሪክና ለቆሻሻ ነጥብ ይቀንሳል፤ ከ75 በላይ ያገኘ ዘዴ እጅግ ጥሩ ይባላል። በ2020 የተከተለው አግሪ ደግሞ አሥራ ሁለት መመዘኛዎችን በ0 እና በ1 መካከል ወዳለ አንድ ቁጥር ያጠቃልላል።

ትልቁ ብክነት ብዙ ጊዜ ከመሣሪያው በፊት፣ ናሙናው ሲዘጋጅ ነው። በ1879 የተፈለሰፈው የሶክስሌት ማውጫ በአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት መመሪያ መሠረት ሲሠራ 300 ሚሊ ሊትር ያህል አሟሚና ከ16 እስከ 24 ሰዓት ማሞቅ ይፈልጋል። በ2003 ለፀረ ተባይ ቅሪት ምርመራ የቀረበው ኬቸርስ የተባለ ዘዴ ግን 10 ግራም የተፈጨ አትክልት በ10 ሚሊ ሊትር አሴቶናይትራይል አንቀጥቅጦ በደቂቃዎች ይጨርሳል።

ቁጠባን ያስተማረው ሥነ ምግባር ብቻ አይደለም፤ እጥረትም ነው። አሴቶናይትራይል አክሪሎናይትራይል ሲመረት የሚገኝ ተረፈ ምርት ነው። በ2008 መጨረሻ የዋናው ምርት ፍላጎት ሲወድቅ አሟሚው ከገበያ ጠፋ፤ ዋጋውም ናረ። ብዙ ላቦራቶሪዎች ወደ ሜታኖልና ወደ ጠባብ ኮለም ፊታቸውን አዞሩ። የኮለሙ ውስጣዊ ስፋት ከ4.6 ወደ 2.1 ሚሊ ሜትር ሲወርድ የሚፈልገው ፍሰት ወደ አንድ አምስተኛ ይቀንሳል።

በአንድ ቁጥር የተጠቃለለ ውጤት ግን በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ጠርሙሱ ውስጥ የሚታየው ቆሻሻ አሟሚውን ለማምረትና ለማስወገድ የጠፋውን ኃይል አይናገርም፤ በ2019 የቀረበው ኤኤምጂኤስ የተባለ መለኪያ ይህንንም ማስላቱ ትልቅ እርምጃ ነው። የናሙናው ብዛትም ከነጥቡ ጎን መጻፍ ይገባዋል። ለአንድ ናሙና 20 ሚሊ ሊትር የሚፈጅ ዘዴ በዓመት 50 ናሙና ለሚመረምር ክፍል 1 ሊትር፣ 10,000 ለሚመረምር ፋብሪካ ግን 200 ሊትር ያስወጣል።