«ጥለውህ ሄዱ» የተባሉ ልጆች

ልጅ ሲያድግ ጥያቄውም አብሮት ያድጋል። «እኔ የማን ልጅ ነኝ?» ሲል አሳዳጊዋ እናት ምን ብላ ትመልስለት? በዛሬው ዓምዳችን የምናወጋችሁ ይህ ጥያቄ በመካከለኛው አሜሪካ በምትገኘው በኤል ሳልቫዶር የስንቱን ቤተሰብ ልብ እንደሰበረ ነው።

በዚያች አገር እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1992 በተካሄደው የእርስ በርስ ጦርነት 75 ሺህ ያህል ሕዝብ አልቋል። የመንግሥት ወታደሮች የገጠር መንደሮችን ሲያስሱ ብዙ ሕፃናትን ከወላጆቻቸው ነጥለው ወሰዱ። ገሚሶቹ በሕፃናት ማሳደጊያ፣ ገሚሶቹ በወታደሮች ቤት አደጉ፤ ሌሎቹ በጉዲፈቻ ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ ተላኩ። የብዙዎቹ ስምና የልደት ቀን ተለወጠ። «ወላጆችህ ሞተዋል»፣ «ጥለውህ ሄደዋል» እየተባሉ ያደጉ ጥቂት አይደሉም።

እናቶቻቸው ግን አልጣሏቸውም። እ.ኤ.አ. በ1994 ልጆቻቸው የጠፉባቸው ቤተሰቦች ዮን ኮርቲና ከተባሉ የካቶሊክ ካህን ጋር ሆነው ፕሮ ቡስኬዳ የተባለውን አፈላላጊ ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩ መዝገብ እያገላበጠ፣ በኋላም በዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ የሥጋ ዝምድናን እያረጋገጠ በመቶ የሚቆጠሩ ልጆችን አግኝቷል። ያልተገኙትም ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1982 የ7 እና የ3 ዓመት ሴቶች ልጆቻቸውን የተነጠቁ አንዲት እናት አቤት ሲሉ ኖረው በ2004 ዐረፉ። የኢንተር አሜሪካ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት «መንግሥት ነገሩን በሚገባ አልመረመረም» ሲል የፈረደው በ2005 ነበር።

ለተገኙትስ ደስታው ያለ ችግር አልመጣም። በባዕድ አገር ያደገው ወጣት ከወላጅ እናቱ ጋር የሚያወራው በአስተርጓሚ ነው። ይሁንና ብዙዎቹ የወለደቻቸውን ሲያገኙ ያሳደገቻቸውን አልተዉም፤ ሁለቱንም እናት ብለው ይኖራሉ። ከውጭ አገር አሳዳጊዎችም ብዙዎቹ ልጁ ወላጅ የሌለው መስሏቸው ነበር።

እናቶች ሆይ፣ በእኛም አገር የሌላ ሰው ልጅ ተቀብላ እንደ አብራኳ ክፋይ የምታሳድግ ብዙ ናት። «እውነቱን ብነግረው ይሸሸኛል» የሚለው ስጋት የሚገባን ነው። ነገር ግን እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ልጁ ከጎረቤት ከሚሰማው ከእናንተ አፍ ይስማው። ገና በልጅነቱ፣ በሚገባው ቃል ጥቂት በጥቂት ንገሩት። የወላጆቹን ስም፣ የትውልድ ቀዬውን፣ ፎቶግራፍም ካለ አስቀምጡለት። እውነት ያሳደገ እጅን አታስክድም፤ «ጥለውህ ሄዱ» የምትለዋ የሐሰት ቃል ግን የልጅን ልብ ዕድሜ ልኩን ታቆስላለች።