ልጆችን እርሻ ለማስተማር ወደ ገጠር ለሚወጣ ወጣት

አባቶቻችን «ልጅ በጡቱ፣ እህል በጥቅምቱ» ሲሉ፣ ልጅም እህልም በጊዜው ካልደረሱለት በኋላ የሚደረግለት እርዳታ እምብዛም ፍሬ እንደማይሰጥ ማስተማራቸው ነው። እኛም ዛሬ የልጅንና የእህልን ነገር አንድ አድርጎ ስለ ያዘ ሥራ ለአንባቢዎቻችን ጥቂት ለመግለጽ አሰብን። ይኸውም በዩናይትድ ስቴትስ አሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ትምህርት በሚዘጋበት ወራት ወደ ገጠር ወጥተው፣ የገበሬ ልጆችን ስለ እርሻና ስለ ከብት እርባታ የሚያስተምሩበት የልምምድ ሥራ ነው። ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ለእኛ ክረምት ሲሆኑ በዚያ አገር የሙቀት ወራት ናቸውና፣ ተማሪው ሥራውን የሚጀምረው ሰብሉ በሚያድግበት ጊዜ ነው።

የሥራው አጀማመር እንደሚከተለው ነው። በ1902 በአውሮጳ አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በኦሃዮ ግዛት፣ ክላርክ ካውንቲ በሚባለው አውራጃ፣ የትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ የነበሩት ኤ. ቢ. ግሬየም ወንዶችና ሴቶች ልጆችን ሰብስበው፣ በቆሎና አትክልት መትከልን፣ አፈር መመርመርን የሚማሩበት ማኅበር አቋቋሙ። በዚያን ጊዜ የእርሻ ኮሌጆች ስለ ተሻለ ዘርና ስለ አፈር አያያዝ ብዙ ያውቁ ነበር፤ ነገር ግን ገበሬው ከአባቱ የወረሰውን ልማድ በአንድ ቀን ንግግር አይተውም። ይህም የሚያስነቅፈው አይደለም፤ ምክሩ ባይሠምር የሚራበው መምህሩ ሳይሆን እርሱ ነውና። ልጁ ግን በአባቱ ማሳ ጥግ በተሰጠችው ትንሽ መሬት ላይ አዲሱን ዘር ሲሞክር፣ ጉዳት ቢደርስ ጉዳቱ ጥቂት ነው፤ ቢሠምር ግን አባትየው በገዛ ዐይኑ ያያል።

ስለዚህ ነገር ምስክር የሚሆነን በደቡብ ካሮላይና የተደረገው ነው። በ1910 የልጆች የበቆሎ ማኅበር አባል የነበረው ጄሪ ሙር፣ 4,000 ሜትር ካሬ ያህል ከሆነች አንድ ኤከር መሬት ከ228 ቡሼል በላይ በቆሎ ማግኘቱ ተመዘገበ፤ ይህም በእኛ ሚዛን 58 ኩንታል ያህል ነው። በዚያ ዘመን የአገሪቱ አማካይ ምርት ግን ለአንድ ኤከር 8 ኩንታል እንኳ አይሞላም ነበር። በዚያው ዓመትና በዚያው ግዛት፣ ማሪ ክሮመር የተባሉ መምህርት የልጃገረዶች የቲማቲም ማኅበር መሠረቱ። እያንዳንዷ ልጅ የኤከር አንድ ዐሥረኛ በሆነች መሬት ላይ ቲማቲም ተክላ፣ ምርቱን በቆርቆሮ እያሸገች ለመሸጥ በቃች።

በ1914 ስሚዝ ሌቨር የተባለው ሕግ ወጥቶ፣ የእርሻ ዕውቀትን ወደ ገጠር የሚያደርስ ኤክስቴንሽን የሚባለው ድርጅት በመንግሥትና በኮሌጆች ኅብረት ተመሠረተ። የልጆቹም ማኅበር «ፎር ኤች» ተብሎ በአራት አረንጓዴ ቅጠሎች ምልክት ይታወቃል፤ አራቱ ቅጠሎች ራስን፣ ልብን፣ እጅንና ጤንነትን የሚያመለክቱ ናቸው።

እንግዲህ ለዚህ ሥራ አዲስ የሆነው ወጣት በአውራጃው የኤክስቴንሽን ቢሮ ገብቶ ልዩ ልዩ ተግባር ይጠብቀዋል። ከልጆቹ ጋር ይሠራል፤ የሚያረቡአቸው በጎች፣ ጥጆችና አሳማዎች ሲመዘኑ ይረዳል፤ በክረምቱ መካከልም ለሚደረገው የአውራጃ ትርኢት ያዘጋጃቸዋል። እያንዳንዱ ልጅ ለመኖና ለመድኃኒት ያወጣውን፣ ከሽያጭም ያገባውን በመዝገብ ይጽፋል። በሚወደው በግ ላይ ያወጣው ገንዘብ ከሽያጩ እንደሚበልጥ በራሱ እጅ ደምሮ የደረሰበት ልጅ፣ ከብዙ ቀን የሒሳብ ትምህርት የሚበልጥ ነገር ተምሯል።

ነገር ግን ለአዲሱ ወጣት ትልቁ ፈተና በዚሁ በትርኢቱ ሰሞን ይመጣል። ቀኑ ሲቃረብ የልጁ ሥራ ገና ጎደሎ ሆኖ ያየዋል፤ ሽልማት እንዲያገኝለትም በመመኘት ራሱ ሊሠራለት ይቃጣዋል። እኛ እንደምናምነው ይህ ልጁን ከመርዳት ይልቅ መዝረፍ ነው። በሌላ ሰው እጅ የተገኘ የመጀመሪያ ደረጃ ሽልማት ለግድግዳ ጌጥ ይሆናል እንጂ ለሚመጣው ዓመት እርሻ አይጠቅምም፤ ልጁ ራሱ ደክሞ ያገኘው ሦስተኛ ደረጃ ግን ከእርሱ ጋር ያድጋል።

ሁለተኛው ፈተና የሽያጩ ቀን ነው። ለወራት በእጁ እያጎረሰ ያሳደገው ጥጃ ለሥጋ ሲሸጥ ብዙ ልጅ ያለቅሳል። ወጣቱ መምህር በዚህ ዕንባ መሣቅ ወይም ቶሎ ለማስረሳት መቸኮል አይገባውም፤ የምንበላው ምግብ ከምን እንደሚመጣና ለእንስሳ በሕይወት ሳለ ምን ያህል ርኅራኄ እንደሚገባው ልጁ የሚማረው በዚያች ሰዓት ነውና አጠገቡ ቆሞ ይስማው።

ከዚህም ሌላ በመጀመሪያው ሳምንት ከመናገር ይልቅ መስማትን ያብዛ። የልጆቹን ስም፣ የቤተሰቡንም የሥራ ሰዓት ይወቅ፤ ላም በምትታለብበት ጊዜ ስብሰባ የሚጠራ መምህር የሚሰማው አያገኝም። የልጆችን ደኅንነት የሚጠብቀውን ደንብ ያክብር፤ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን አይሁን፤ ከብት የነኩ እጆች ሁሉ በሳሙና እንዲታጠቡ ያድርግ። ቆይታው ጥቂት ወራት ብቻ ስለሆነ፣ ሊፈጽመው የማይችለውን ተስፋ አይስጥ።

ይህ ሐሳብ ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። በ1952 ከኦክላሆማ የእርሻ ኮሌጅ ጋር በተደረገው ስምምነት የጅማ እርሻ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በ1956ም ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው የዓለማያ ኮሌጅ ሥራውን ጀመረ። ኮሌጁም ማስተማርን፣ መመራመርንና ዕውቀትን ለገበሬው ማድረስን አንድ አድርጎ እንዲሠራ የታሰበ ነበር።

ስለዚህ እናንት ወላጆች፣ ከጓሮአችሁ አንዲት መደብ ወይም አንዲት ዶሮ ለልጃችሁ ለይታችሁ ስጡት። ወጪና ገቢውን ራሱ ይጻፍ፤ ቢሳሳትም ፈጥናችሁ ከእጁ አትንጠቁት። በትምህርት መዝጊያ ወደ ቤት የተመለሰ ታላቅ ወንድም ወይም ታላቅ እኅት ካለችም፣ የታናናሾቻቸውን መደብ በመጐብኘት ሥራቸውን ይጀምሩ።