የመዶሻ አልባ ሽጉጥ ምላጭና የጥንቃቄ ሥርዓት

መዶሻ አልባ ሽጉጥ ጥይቱን የሚመታው ከውጭ በሚታይ መዶሻ ሳይሆን በውስጡ በሞላ ተወጥሮ በሚቆይ መርፌ የሆነ ሽጉጥ ነው። ምላጩ (ብዙ ሰው ቃታ ይለዋል) ሲሳብ መርፌው ተፈትልኮ የቀለሁን ቂጥ ይመታል። አሠራሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1914 በሳራዬቮ የኦስትሪያ አልጋ ወራሽ የተገደለበት ኤፍ ኤን 1910 ሽጉጥም እንዲሁ ነበር። በዓለም የተስፋፋው ግን የኦስትሪያ ጦር እ.ኤ.አ. በ1982 ግሎክ 17ን ከተቀበለ ወዲህ ነው።

በኢትዮጵያ በደንብ የሚታወቀው ማካሮቭ ከዚህ ይለያል። ማካሮቭ መዶሻ አለው፤ በግራ ጎኑ ደግሞ በአውራ ጣት የሚንቀሳቀስ የጥንቃቄ ቁልፍ አለው። መዶሻው መወጠሩን ተሸካሚው በዓይኑ ያያል። ግሎክን የያዘ ሰው ግን ከውጭ የሚዘጋው ቁልፍ አያገኝም። በነገራችን ላይ የመሣሪያው ዓይነት ምንም ይሁን፣ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ መያዝ ወንጀል ነው፤ ቦንጋም ሆነ አዲስ አበባ ሕጉ አንድ ነው።

== የግሎክ ሦስት መከላከያዎች ==

የመጀመሪያው በምላጩ ፊት ላይ ያለች ትንሽ ምላስ ናት፤ እሷ ካልተጫነች ምላጩ ወደ ኋላ አይሄድም። ሁለተኛው የመርፌውን መንገድ የሚዘጋ ፒን ሲሆን ምላጩ ሲሳብ ብቻ ይነሳል። ሦስተኛው ሽጉጡ ቢወድቅ እንኳ መርፌውን የያዘው ክፍል ከቦታው እንዳይንሸራተት ያደርጋል። ሦስቱም ጣት ምላጩን ሲስብ በየተራ ይከፈታሉ፣ ሲለቅ ይዘጋሉ። ስለዚህ ጥይት የጎረሰ ግሎክ ምላጩን በሚሸፍን ጠንካራ አፎት ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ የልብስ ጫፍ ምላጩ ውስጥ ቢገባ ሽጉጡ ከጣት አይለየውም።

== የፒ 320 ማሻሻያ ==

የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በጥር 2017 የሲግ ሳወር ፒ 320ን ዝርያ መረጠ። ይሁንና ሽጉጡ በጀርባው በኩል በተወሰነ ማዕዘን ሲወድቅ ሊተኩስ እንደሚችል በፈተና ታየ። ምክንያቱ ቀላል ፊዚክስ ነው። ሽጉጡ መሬት መትቶ ሲቆም ከባዱ ምላጭ በኢነርሺያ ጉዞውን ይቀጥላል፤ ማንም ሳይነካው ራሱን ይስባል። በዚህ ሽጉጥ ላይ እንደ ግሎክ ያለ የምላጭ ምላስ አልነበረም።

ኩባንያው በዚያው ዓመት ነሐሴ ለሲቪል ገዢዎች በነጻ ማሻሻያ አቀረበ። ምላጩ፣ መርፌውና መርፌውን የሚይዘው ጥርስ በቀላል ክብደት ተተኩ፤ አንድ ተጨማሪ ማቋረጫም ገባ። እንደ ሶፍትዌር ማሻሻያ በኢንተርኔት የሚላክ አይደለምና ሽጉጡ ራሱ ወደ ፋብሪካ መመለስ ነበረበት። ከዚያም በኋላ ሽጉጡ ምላጩ ሳይሳብ ተኩሷል የሚሉ ክሶች በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ቀርበዋል፤ ኩባንያው ግን ክሱን አይቀበልም።

== የምላጭ ክብደትና የመሳቢያ ኃይል ==

ሁለቱ ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። በፒ 320 የቀለለው የምላጩ የራሱ ክብደት ነው፤ ይህም ደህንነትን ይጨምራል። ለዒላማ ውድድር ተብለው የሚሸጡ ምላጮች ግን የሚቀንሱት ለመሳብ የሚያስፈልገውን ኃይል ስለሆነ ሳይታሰብ የመተኮስ አደጋን ያባብሳሉ። መደበኛው ግሎክ ወደ 2.5 ኪሎ ግራም የሚመዝን ግፊት ይፈልጋል። የኒውዮርክ ፖሊስ ሳይታሰብ የሚተኮስ ጥይትን ለመቀነስ ሲል ለረጅም ጊዜ ወደ 5.4 ኪሎ የሚጠጋ ምላጭ ይጠቀም ነበር። ይህም ዋጋ አለው፤ ጣት በኃይል ሲጎትት አፈሙዙ ከዒላማው ይስታል። እ.ኤ.አ. በ2012 በኤምፓየር ስቴት ሕንፃ አጠገብ ፖሊሶች አንድ ታጣቂ ላይ ሲተኩሱ ዘጠኝ መንገደኞች በቆሰሉ ጊዜ፣ አንዳንድ ባለሙያዎች ጣታቸውን ወደዚህ ከባድ ምላጭ ቀስረዋል።